ከጮሌ ባንኮክ፦ ለወራት ለሚቀመጥ አስታማሚ

ከአርሲዋ ጮሌ የሚነሳ ከባድ ሕመም መንገዱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ አሰላ ሆስፒታል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ። ዘመድ አዋጥቶ፣ ከብት ተሸጦ፣ ውጭ ያለ ልጅ ተጠይቆ መንገዱ ከዚያም አልፎ የሚቀጥልባቸው ቤተሰቦች አሉ። ሕንድ የሚሄድ አለ፣ ቱርክ የሚሄድ አለ፤ ባንኮክ የሚሄደውም ጥቂት አይደለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አብሮ ለሚሄደው ለአስታማሚው ነው። ታማሚውን ሐኪም ያየዋል፣ ነርስ ይጠብቀዋል። ቤት የሚከራየው፣ ዶላር የሚመነዝረው፣ አጥሚት የሚያማስለው፣ ቪዛ የሚያስረዝመውና በሌሊት ለአገር ቤት ደውሎ «ደህና ነው» የሚለው ግን አስታማሚው ነው። በሰው አገር ከተማ ውስጥ የሚኖረው እሱ ነው ወይም እሷ ናት።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ ሰው ለሁለት ሳምንት ብሎ ይነሳና ሦስት ወር ይቀመጣል። የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በፊት ናሙና ተወስዶ ውጤት ይጠበቃል። ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ ስድስት ዙር ማለት አራት ወር ገደማ ነው። ንቅለ ተከላ ከሆነ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የደም ምርመራው ለሳምንታት አይቆምም። ስለዚህ ሐኪሙ «አንድ ወር» ቢላችሁ በሦስት ወር አስሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ስሌት የተጻፈ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት

መጀመሪያ የምትጠይቁት ባንኮክን አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለውን ሐኪማችሁን ነው። «ይህ ሕክምና እዚህ አይሰጥም ወይ? ወረፋው ስንት ወር ነው?» በሉት። ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ከብቱን የሚሸጥ ሰው መኖር የለበትም። የጨረር ሕክምናም ለረዥም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ከአዲስ አበባ ውጭም ተጀምሯል። ወረፋው ሕመሙን የማይጠብቅ ሲሆን ወይም መሣሪያው በአገር ውስጥ ሳይኖር ሲቀር፣ ያኔ መሄድ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ሰነዱን ከሰው አስቀድሞ መላክ ነው። የምርመራ ውጤቶችን፣ የሲቲ ስካኑን ወይም የኤምአርአዩን ሲዲ፣ የናሙናውን ዘገባ ቢያንስ ለሁለት ሆስፒታሎች ላኩ። የወጪ ግምትና የቆይታ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ግምቱ ምን ምን እንደሚያካትት ይገለጽ፤ የሐኪም ክፍያ፣ አልጋ፣ መድኃኒት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል። በጽሑፍ የተላከ ግምት ለቪዛውም፣ ለባንኩም፣ ለዘመድ መዋጮውም ይጠቅማል።

ስለ ኩላሊት አንድ ነገር ልጨምር። በታይላንድ ደንብ በሕይወት ያለ ሰው ኩላሊት መስጠት የሚችለው የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ ሲሆን ነው። ዝምድናውን የሚያሳየውን ማስረጃ ከወረዳ አውጥታችሁ፣ አስተርጉማችሁና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ያዙ። «ሰጪ እዚያ ይገኛል» የሚል ደላላ ካገኛችሁ ውይይቱን እዚያው አቋርጡት።

ወረቀት

ፓስፖርት፦ የታማሚውም የአስታማሚውም ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ለረዥም ቆይታ ከሆነ አንድ ዓመት ቢቀረው እመርጣለሁ።

ቪዛ፦ ሲደርሱ አየር ማረፊያ የሚሰጠው የ15 ቀን ቪዛ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። የቱሪስት ቪዛ 60 ቀን ይሰጣል፤ ለሕክምና የሚሰጠው ቪዛ ደግሞ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ጋር ይጠየቃል፤ አስታማሚም አብሮ ሊያመለክት ይችላል። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማመልከቻው በታይላንድ የኢንተርኔት ቪዛ ሥርዓት በኩል ሆኗል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ላይ የአስታማሚው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል እንዲመሳሰል አድርጉ። «ሙሐመድ» እና «ገብረ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፉ ታውቃላችሁ።

የቢጫ ወባ ክትባት፦ ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ታማሚው በጤናው ምክንያት መከተብ የማይችል ከሆነ (ኬሞ ላይ ያለ ሰው ለምሳሌ) ሐኪሙ ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለት።

የመግቢያ ካርድ፦ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታይላንድ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላ ሆኗል፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ሐሰተኛ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ሌላ አንድ ሥራ አለ። ታይላንድን በኃላፊነት የያዘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትኛው እንደሆነና ስልኩን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይቆያል።

ገንዘብ

የሕክምና ቦርድ ወረቀት ያለው ሰው ከባንክ ምንዛሪ ለመጠየቅ መንገድ አለው፤ ጥያቄውን በጊዜ አቅርቡ። ለሆስፒታሉ የሚከፈለውን ዋናውን ገንዘብ ከባንክ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ በቀጥታ ማስተላለፍ በኪስ ከመያዝ እጅግ ይሻላል። በእጅ የምትይዙት ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት ይሁን፤ ባንኩ የሰጣችሁን ማስረጃ ከገንዘቡ አትለዩት። የታይላንድ ኢሚግሬሽን በቱሪስት ቪዛ ለሚገባ ሰው 20,000 ባት፣ ለቤተሰብ 40,000 ባት ወይም ተመጣጣኙን ማሳየት ሊጠይቅ ይችላል።

ባለ 100 ዶላር ኖት፣ ንጹሕ፣ ያልተጻፈበትና ያልተቀደደ ያዙ። የባንኮክ መንዛሪዎች ለትልልቅ ኖቶች የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ፤ የቆሸሸውን ይመልሳሉ። አየር ማረፊያ ላይ ለታክሲና ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃውን ብቻ መንዝሩ። በካርድ ከማሽን ስታወጡ በየጊዜው 220 ባት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቆረጥ ጥቂት በጥቂት አታውጡ።

ገንዘቡን በሦስት ክፈሉት፤ የሕክምናው፣ የኑሮው፣ የመመለሻው። የመመለሻው ገንዘብ አይነካም። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሻንጣ

በሶ ውሰዱ። የአርሲ ገብስ ለታማሚም ለአስታማሚም ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፣ ሆድ ይይዛል፣ አይበላሽም። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የአብሽ ዱቄት፣ ቡና። ጭኮ ለመብላት የሚፈልግ ገብሱን ቆልቶ አስፈጭቶ ዱቄቱን ብቻ ይያዝ፤ ጨው የሌለበት ቅቤ ባንኮክ ውስጥ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፤ እዚያው በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ ይነጠራል። ቋንጣ፣ አይብና የአገር ቤት ቅቤ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ይወረሳል። ሁሉንም በሚያሳይ ፕላስቲክ አሽጉና ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት።

ጫት ፈጽሞ አይያዝ። በውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፉ ስምምነት ከአደንዛዥ ዕፆች ጋር የተመደበ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሰው ዕቃ ነው። ቦሌ ላይ «ይቺን ለእህቴ አድርሱልኝ» የሚላችሁ ሰው የሠፈራችሁ ልጅም ቢሆን፣ ስኳርም ቢሆን፣ መጽሐፍም ቢሆን እምቢ በሉ። በታይላንድ ሕግ በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘ ሰው የዕድሜ ልክ እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ ሕጉ የሞት ቅጣትም አለው። ስትመለሱም እንዲሁ ነው። በይሉኝታ የተያዘ ሻንጣ ታማሚውን ያለ አስታማሚ ያስቀራል።

ስትደርሱ

በረራው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ለታማሚው ተሽከርካሪ ወንበር ካስፈለገ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ለአየር መንገዱ አሳውቁ፤ ሲያርፉም ወንበሩ ይጠብቃል።

ከሱቫርናፑም አየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ከ15 እስከ 45 ባት ነው። ሻንጣና ታማሚ ይዛችሁ ግን በታክሲ ሂዱ። ታክሲው በቆጣሪ ይሠራል፤ ከ35 ባት ይነሳል፤ በዚያ ላይ 50 ባት የአየር ማረፊያ ክፍያ አለ፤ የፈጣን መንገዱንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ቆጣሪ አላበራም ካለ ውረዱ። የምትሄዱበትን አድራሻ በታይ ፊደል የተጻፈ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከሆስፒታሉ ወይም ከማረፊያው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የላቲኑን ፊደል የማያነብ ሹፌር ብዙ ነው።

ሲም ካርድ በፓስፖርት ይመዘገባል። በመጀመሪያው ቀን የምታደርጉት ይህንና የሚጠጣ ውሃ መግዛትን ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። በየመንገዱ ዳር የቆሙ የውሃ ማሽኖች በአንድ ባት አንድ ሊትር ገደማ ይሞላሉ፤ ከአገር ቤት ጄሪካን የለመደ ሰው አይቸገርም።

ቤት

ብዙው ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚያርፈው ሱኩምቪት በሚባለው ረዥም ጎዳና ላይ ናና በሚባለው ሠፈር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባምሩንግራድ ሆስፒታል እዚያው ሶይ 3 ላይ ነው፤ የአረብና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች በዙሪያው አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያ ምግብ የሚያቀርቡ ይገኛሉ። «ሶይ» ማለት ከዋናው ጎዳና የሚገባ መንገድ ነው፤ ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው ወገን ናቸው። ይህን ካወቃችሁ ሱኩምቪት ላይ አትጠፉም።

ናና ግን ለወራት አይመችም። ውድ ነው፣ ሌሊቱ ይጮሃል፣ መጠጥ ቤቱም ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ አሳልፉና የሕክምናው ፕሮግራም ሲታወቅ ወደ ሌላ ሠፈር ውጡ። ሁለት አቅጣጫ እጠቁማለሁ።

አንዱ በሰማይ ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ኦን ኑት ድረስ ያለው ነው። ከናና ስድስት ፌርማታ ነው፤ ባቡሩ መንገድ አይዘጋበትም፤ ሊፍት ስላለው ለታማሚም ይመቻል። ሌላው ራምካምሄንግ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስላለበት ርካሽ ክፍሎች ሞልተዋል፤ የእስልምና ማዕከልና ብዙ የሐላል ምግብ ቤቶችም አሉ። ከዚያ ወደ ናና በሳን ሳብ ቦይ የሚሄድ ጀልባ አለ፤ ናና ኑዋ በሚባለው ማቆሚያ ስትወርዱ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ጀልባው ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ቆሞ የሚጠብቀው ለአፍታ ነው፤ ዘልሎ መግባት ይጠይቃል። ለአስታማሚ ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ግን እንዳታሳፍሩበት።

በእነዚህ ሠፈሮች አንድ ንጹሕ ክፍል በወር በግምት ከ8,000 እስከ 15,000 ባት ይከራያል። ስትከራዩ እነዚህን ጠይቁ። ማብሰያ አለ ወይ? አብዛኛው የባንኮክ ክፍል ኩሽና የለውም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲፈቀድላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፤ የሽንኩርትና የበርበሬ ቁሌት ሽታ ጎረቤት ስለሚያስቆጣ መስኮት ያለው ይሁን። የመብራት ዋጋ ስንት ነው? የመንግሥት ታሪፍ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 4 ባት ገደማ ሲሆን ብዙ አከራዮች 7 ወይም 8 ባት ያስከፍላሉ፤ አየር ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ሲሠራ ልዩነቱ ብዙ ነው። መያዣው ስንት ወር ነው፣ መቼስ ይመለሳል? ስትገቡ የግድግዳውንና የዕቃውን ፎቶ አንሱ። በመጨረሻም አከራዩ የውጭ አገር ሰው ማከራየቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ማሳወቁን የሚያሳየውን ወረቀት ተቀበሉ፤ ቪዛ ስታራዝሙ ይጠየቃል።

ሆስፒታል

አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አስተርጓሚ እንዳለ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ቢኖርም ባይኖርም ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ግቡ፤ ሐኪሙም መልሱን እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። ትልልቆቹ የግል ሆስፒታሎች ፈጣንና ውድ ናቸው። ሲሪራት፣ ቹላሎንግኮርንና ራማቲቦዲ ደግሞ የመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሆነው የተከበሩ ሐኪሞች የሚሠሩባቸው ናቸው፤ ወጪያቸው ይቀንሳል፤ ወረፋውና ቋንቋው ግን ይከብዳል። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢሞክራቸው አይከፋም።

ሒሳቡን በየቀኑ ዝርዝር ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ እዚያ የተለመደ ነው። ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ከሆነ ማዘዣውን ተቀብላችሁ የውጭ ፋርማሲ ዋጋ አስተያዩ፤ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የማይገኝ መድኃኒት ከሆነ ግን ለሐኪሙ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ በአገር ውስጥ በሚገኝ ሊተካው ይችል ይሆናል።

ሰዓትና ዓመት

ባንኮክ ከኢትዮጵያ በአራት ሰዓት ትቀድማለች። ጮሌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ባንኮክ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ለአገር ቤት ለመደወል ከባንኮክ ከሰዓት በኋላው ይመቻል።

ሆስፒታሉ ቀጠሮ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ስድስት ቀንሱለት። 14:00 ማለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የገበያው ሰው ግን ምሽቱን እንደኛ ይቆጥራል፤ የድሮው የታይ አቆጣጠር ከምሽቱ መግቢያ ይጀምርና «ሶንግ ቱም» (ሁለት) ሲል ልክ እንደኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ሰዓት ያለው ምሽት ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ዓመቱ ሌላ ነው። ታይላንድ በቡድሃ ዘመን ትቆጥራለች፤ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። መድኃኒት ላይ የማብቂያ ጊዜው 2570 ተብሎ ብታዩ አትደናገጡ፤ 2027 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። የእኛን ለማግኘት እንደ ወሩ 550 ወይም 551 ቀንሱ። ለኢሚግሬሽን በምትሞሉት ቅጽ ላይ ግን የኢትዮጵያን ቀን በስህተት እንዳትጽፉ፤ የልደት ቀናችሁ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን።

ምግብ

ባንኮክ ውስጥ ምግብ ርካሽ ነው፤ መንገድ ዳር ከ50 እስከ 80 ባት ይበላል። ችግሩ በውስጡ ያለው ነው። አሳማ በየቦታው አለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚጠነቀቅበት ነገር ስለሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም ያዙ፦ «ማይ ኪን ሙ»፤ አሳማ አልበላም ማለት ነው። ሙስሊም የሆነ ሰው የሐላል ምልክቱን ይፈልግ፤ በራምካምሄንግና በናና በቀላሉ ይገኛል።

ጾም የያዘ አስታማሚ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ «ጄ»። ከቻይና የመጡ ቤተሰቦች ያቆዩት የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አይነካውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ሲሆን ከሩቅ 17 ቁጥር ይመስላል። «ኪን ጄ» ካላችሁ ሻጩ ወዲያው ይገባዋል። አትክልት ብቻ ነው ብላችሁ ሌላ ነገር ብታዙ ግን የዓሣ መረቅ (ናም ፕላ) ወይም ከሽሪምፕ የተሠራ ቅመም ይገባበታል፤ ታዮች እነዚህን እንደ ሥጋ አይቆጥሯቸውም። ጨውና ቅመም ለተከለከለ የኩላሊትና የልብ ታማሚ ደግሞ የመንገድ ዳር ምግብ ፈጽሞ አይመከርም፤ መረቁ በጨው የተሞላ ነው። ለእሱ ቤት ውስጥ አብስሉ።

ቃሪያ እናውቃለን ብላችሁ አትዳፈሩ፤ የታይ ቃሪያ ትንሽ ሆና ታቃጥላለች። «ማይ ፔት» አታቃጥልብኝ ነው።

ሙቀት

ከአርሲ ደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ የለመደው ብርድ ነው። ባንኮክ ከባሕር ወለል ከፍ ያለችው በሜትር ቢቆጠር ጥቂት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ መስከረም ላይ ጎዳናው ውሃ ይሞላል። ጊዜውን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል፤ ብቻ የሳንባ ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ከጥር እስከ መጋቢት የሚከማቸውን የጭስ ብክለት ተጠንቀቁ።

ከውጭው ሙቀት ወደ ሆስፒታሉ ቅዝቃዜ ስትገቡ ጋቢው ያስፈልጋል፤ አንድ ጋቢ ያዙ። አየር ማቀዝቀዣውን 26 ላይ አድርጉት። በቀን የምትነክስ ትንኝ ዴንጊ የሚባል ትኩሳት ታስተላልፋለች፤ ደጋ የኖረ ሰው ትንኝን መጠንቀቅ አልለመደም፤ ቅባት ተቀቡ፣ ትኩሳት ሲመጣ ያለ ሐኪም አስፕሪን አትዋጡ። አምቡላንስ 1669፣ ፖሊስ 191፣ እንግሊዝኛ የሚናገረው የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው።

አስታማሚውም ሰው ነው። ከናና አጠገብ ቤንጃኪቲ የሚባል ትልቅ መናፈሻ አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። በየማለዳው ግማሽ ሰዓት እዚያ መራመድን እንደ መድኃኒት ያዙት። ቤተሰቡ አቅም ካለው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ይተካው፤ ሦስት ወር ብቻውን ያስታመመ ሰው ራሱ ታሞ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

ሰውና ሕግ

ታዮች ጨዋ ሕዝብ ናቸው፤ ከእኛ የሚያመሳስላቸው ብዙ ነው። ጫማ ማውለቅ፣ ለታላቅ ዝቅ ማለት፣ ድምፅ አለማሰማት። የሚለየውን ልንገራችሁ። የሕፃን ራስ መዳበስ በእኛ ምርቃት ነው፤ በእነሱ ራስ የተከበረ ስለሆነ አይነካም። እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል መዘርጋት ነውር ነው። ሴት መነኩሴን አትነካም፣ አጠገቡም አትቀመጥም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በየጣቢያውና በየመናፈሻው የአገሪቱ መዝሙር ሲሰማ ሁሉም ይቆማል፤ ቁሙ። ስለ ንጉሡና ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ ክፉ አትናገሩ፣ በስልክም አትጻፉ፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ክልክል ነው።

ቪዛው ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት ቻንግ ዋታና የሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ግቢ ወዳለው ኢሚግሬሽን ሂዱ። የቱሪስት ቪዛ በ1,900 ባት 30 ቀን ይራዘማል፤ ለሕክምና ሲሆን የሆስፒታሉን ደብዳቤ ጨምሩ። ፎቶ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የቲኤም 30 ወረቀት ይያዝ፤ በማለዳ ሂዱ፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። በአገሪቱ 90 ቀን ያለማቋረጥ የተቀመጠ ሰው አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። ቀን ያሳለፈ ሰው በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ይቀጣል። ራሱ ሄዶ የሚከፍልና ፖሊስ የሚይዘው ግን አንድ አይደሉም፤ ቀን አሳልፎ የተያዘ ሰው ይታሰራል፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ተመልሶ እንዳይገባም ይከለከላል።

«ሥራ አለ» የሚል ሰው

የመመለሻው ገንዘብ አይነካም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቡ ያለቀበት አስታማሚ፣ በተለይ እንግሊዝኛ የሚችል ወጣት፣ ናና ላይ ቡና እየጠጣ ሳለ ሰው ይቀርበዋል። አንዳንዴም የሚቀርበው አማርኛ ተናጋሪ ነው። «የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ በወር በዶላር፤ ቤትና ምግብ አለው፤ መኪና ይወስድሃል» ይለዋል። መኪናው ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሜሶት የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ሞኢ ወንዝን በጀልባ ያሻግሩታል፤ ማዶው ምያንማር ነው፣ ምያዋዲ። እዚያ በአጥር የታጠሩ ግቢዎች አሉ፤ ሰውን በቀን አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ሰዓት በኢንተርኔት ሌላ ሰው እንዲያጭበረብር ያስገድዱታል፤ እምቢ ያለ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል፣ ለመውጣት ቤተሰቡ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል።

ይህ ወሬ አይደለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች የወጡ 260 ሰዎች ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ሲሰጡ፣ ከ20 አገሮች ከመጡት መካከል ከሁሉ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 138። የእኛ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በቱሪስትም በሕክምናም ቪዛ መሥራት ክልክል መሆኑን አትርሱ፤ ሕጋዊ አሠሪ በዚህ ቪዛ አይቀጥራችሁም። ሥራው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ሜሶት ወይም ምያንማር የሚል ቃል ከሰማችሁ ተነሱና ሂዱ። ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። መኪና ውስጥ ካላችሁና መንገዱ ከከተማ እየወጣ ከሆነ ነዳጅ ማደያ ላይ ወርዳችሁ ሰው ወዳለበት ሱቅ ግቡ፤ 1155 ደውሉ። ታናናሾቻችሁንም ጮሌ ላይ አስጠንቅቁ፤ ይህ ጥሪ በቴሌግራም አገር ቤት ድረስ ይመጣል።

መመለስ

ከመነሳታችሁ ከአሥር ቀን በፊት ከሐኪሙ እነዚህን ተቀበሉ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሙሉ የሕክምና ማጠቃለያ፣ የምስሎቹ ሲዲ፣ የናሙናው ስላይድ፣ የሦስት ወር መድኃኒት ከማዘዣው ጋር፣ የክትትል ቀጠሮ መርሐ ግብር፣ ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። መድኃኒቱ በሻንጣ አይግባ፤ በእጅ ይያዝ።

ብዙ ሐኪም የማያውቀውንና እናንተ ልትነግሩት የሚገባውን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ታማሚው ለወራት የኖረው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ የሚመለሰው ወደ ደጋ ነው። አሰላ ብቻ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሐኪሙን በቁጥር ጠይቁት፤ «ቤታችን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አሁኑኑ መውጣት ይችላል?» ካልቻለ አዳማ ዘመድ ዘንድ ዝቅ ባለው ቦታ ጥቂት ሳምንት መቆየት ይቻላል።

ሁሉም በሕይወት አይመለስም፤ አስታማሚው ይህንንም ሊዘጋጅበት ይገባል። ሰው ሲሞት ሆስፒታሉ የሞት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የሞት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ወረቀቱ ተተርጉሞ በታይላንድ የቆንስላ ጉዳዮች መምሪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ኤምባሲውና አየር መንገዱ ይነጋገራሉ። አስከሬን ለመሸኘት ሥራዬ ያሉ ድርጅቶች ስላሉ ሆስፒታሉ ያገናኛችኋል። በዚያ ሰዓት ብቻችሁን አትሁኑ፤ ናና ያሉትን ያገር ልጆች ጥሩ፤ ይመጣሉ። ወደ ጮሌም መርዶውን በስልክ ለብዙ ሰው አትንገሩ፤ ለአንድ አስተዋይ ሽማግሌ ነግራችሁ ለእሱ ተዉት።

በሰላም የተመለሰ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አሰላ ሆስፒታል ሄዶ ማጠቃለያውን ኮፒ አድርጎ ፋይሉ ውስጥ ያስገባ። ለባንኮኩ ሐኪም የምትልኩት የደም ምርመራ ውጤት የትኛውን ቀን እንደሚሆን፣ የትኛው ላቦራቶሪ እንደሚሠራው፣ ማንስ በኢሜይል እንደሚልከው እዚያው ተነጋገሩና በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ጻፉት።